የሱፐርቫይዘሩ ቋንጃ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው የሰውነት ክፍሎችን ሲያጠና ሁልጊዜ ከራስ ይጀምርና ጉልበት ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ... እነዚህንማ ማን ያጣቸዋል? ሕፃን እንኳ እየዘፈነ ይጠራቸዋል። ትንሽ ወረድ ብላችሁ ከጉልበት ጀርባ ያለውን ጠይቁት እስቲ! የጠፋበት ነገር እንዳለ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰቆጣ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ያ ከጉልበት ጀርባ ያለው ነገር ዲግሪዬን ሊያስቀርብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ለክረምት ትምህርት ታጭቻለሁ። ቦታው አንድ ነው፤ የታጨነው ሁለት። የሚለየን ደግሞ ክፍል ድረስ ገብቶ የሚገመግመን ሱፐርቫይዘር ነው። ሰውየው ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው ለሰቆጣ ድንጋይ ያልታሰበ ነበር። ገና ሳይገባ በር ላይ ቆመና፣ እነዚህ ልጆች ቤታቸው ኽምጣና እያወሩ አድገው፣ አማርኛውን እዚህ ተምረው፣ እንግሊዝኛው በየት በኩል ይገባቸዋል ብለህ ነው፣ አለኝ። በሐዘኔታ ነው የተናገረው። እኔን ደግሞ ከስድብ ይልቅ ሐዘኔታ ያንገበግበኛል። በአንድ ቋንቋ ያደገ ሰው፣ ሁለት ቋንቋ ይዞ ለመጣ ልጅ ሦስተኛው ይከብደዋል ብሎ ሲያዝን ምን ይባላል? እኔ ራሴ የፃግብጂ ልጅ ነኝ፤ በዚያው መንገድ ነው የመጣሁት። ግን ተገምጋሚ ነኝና ፈገግ አልኩ። ተገምጋሚ ምን ጥርስ አለው ከፈገግታ በቀር?

የዕለቱ ምንባብ ስለ አንድ ሯጭ ነበር። ሯጩ ውድድሩ መሐል ሃምስትሪንጉን ይጎዳና ይወድቃል። ሃምስትሪንግ የእኛው ቋንጃ ነው፤ ከጉልበት ጀርባ ያለው ወፍራም ጅማት። እንግሊዞቹ ከእሱ ከፍ ብሎ በጭን ጀርባ የሚሄደውንም ሥጋ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ በተለይ ሯጭና ኳስ ተጫዋች ሲያነክስ። ግስም ያደርጉታል። አንድ ሥራ ወደፊት እንዳይራመድ አንቆ የያዘ ሰው፣ የሥራውን ቋንጃ ቆረጠው ይባላል። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ሁሉንም ከትምህርት ቤቱ ብቸኛ መዝገበ ቃላት ላይ ቅዳሜን ሙሉ ስሸመድደው ውያለሁ።

ጭንቁ ሌላ ነበር። አዲስ ቃል በአማርኛ መተርጎም ነጥብ ያስቀንሳል፤ ወይ በሥዕል ወይ በተግባር ማሳየት ግድ ነው። ሥዕልማ ነበረን። የትምህርት ቤታችንን የሰውነት ሥዕል ግን ምስጥ በልቶት ከወገብ በላይ ብቻ ነው የቀረው። ምስጥም እንደ እንግሊዝኛ ተማሪ ከላይ ጀምሮ ቢደክመው ምን ነበረበት! ስለዚህ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጠሁና የገዛ ጉልበቴን ከኋላ ይዤ፣ ሯጩ እዚህ ጋ ተጎዳ፣ አልኩ በእንግሊዝኛ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። "በራስዎ አያሳዩ፣ ቲቸር!"

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ የሌላውን ሰው ጉዳት በራስ ገላ ላይ ማሳየት፣ ጉዳቱን ና ግባ ብሎ እንደ መጋበዝ ነው። ስለ ተሰበረ እጅ የሚያወራ ሰው የራሱን እጅ ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። እኔም እኮ አውቃለሁ! ግን ዲግሪ ያስረሳል። ደግሜ ሞከርኩ። ሃምስትሪንግ ባልኩ ቁጥር "ከእርስዎ ይራቅ!" እያሉ፣ ለካህን አሜን እንደሚሉት ይቀበሉኝ ጀመር። ከተማሪዎቹ አንዱን አስነሥቼ ላሳይበት አሰብኩ፤ የሰው ልጅ ላይ? እናቱ ብትሰማስ? ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አላይም፤ ብዙ እንደሚጽፍ ግን አያለሁ። ላቤ ጀርባዬን አረሰው።

ለምለም የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ከጋዝጊብላ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን በየሳምንቱ በእግሯ ሄዳ የምታመጣ። የኔ መጨነቅ አላስቻላትም። ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች። ሱፐርቫይዘሩ እግሩን አነባብሮ ስለተቀመጠ የጉልበቱ ጀርባ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጣቷን ወደዚያ ቀሰረችና፣ ሃምስትሪንግ ማለት ይኸ ነው፣ ሯጩ የተጎዳው እዚህ ላይ ነው፣ አለች፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ "ከእሳቸው ይራቅ" ያለ አንድ እንኳ አልተገኘም። ለካ በር ላይ የተናገረውን በመስኮት ሰምተውታል።

ሲወጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀምህ ደካማ ነው፣ ልጅቷም ቃሉን በቀቀን ሆና ደገመችው እንጂ ገብቷት አይመስለኝም፣ አለኝና ወደ ከተማ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘ። ክረምቴ ከፊቴ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ሃያ እርምጃ እንኳ አልተራመደም። ያ ጫማ ድንጋይ ላይ ከዳውና አንድ እግሩ ወደፊት ተፈተለከ፤ ሰውየው ቁጭ አለ። የሚይዘው ደግሞ የት ነው? የቀኝ ጉልበቱን ጀርባ!

ዕረፍት ላይ የነበረው ተማሪ ሁሉ ግር ብሎ ወረደ። ምን ሆኑ ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም፣ ደህና ነኝ፣ ይላል ጥርሱን ነክሶ። ለምለም ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አጣምራ፣ የራሷን ገላ እንዳይነካ አርቃ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሃምስትሪንጋቸውን ተጎድተዋል፣ አለች በእንግሊዝኛ። አንዱ ተቀብሎ፣ ቀኙን ነው ወይስ ግራውን፣ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሌላው፣ ቀኙን ነው፣ አይሩጡ፣ ማረፍ አለባቸው፣ አለ። ምንባቡ ውስጥ ያልነበረ ዓረፍተ ነገር ነው! እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሰው መሬት ላይ ወድቆ ያቃስታል፣ እኔ በኩራት ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት በዲግሪ ምርቃቴ ቀን እንኳ ደግሜ አላገኘሁትም።

ልጆቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ሲያወርዱት ለምለም ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ነኝ ያሳየሁባቸው፤ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለች፣ አሁን በአማርኛ። ሱፐርቫይዘሩ ቆም አለ። እያነከሰም ቢሆን ሰው ነበር። "ጫማዬ ነው ልጄ፤ አንቺ ምን አደረግሽ? ያስተማርሽው እኔን ነው" አላት።

ክረምት ትምህርቱን አገኘሁ። የግምገማ ቅጹን በኋላ አሳዩኝ፤ የቀድሞው ነጥብ ተሰርዞ በላዩ አዲስ ተጽፎበታል። "ተማሪዎች አዲሱን ቃል መያዛቸው" በሚለው ፊት ለፊት "እጅግ በጣም ጥሩ" ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ "በጥቅም ላይ የዋለ የትምህርት መርጃ መሣሪያ" በሚለው ቦታ፣ ሱፐርቫይዘሩ በራሱ እጅ ጽፎ ፈርሞበታል፦ "የገምጋሚው ቀኝ እግር"።