ሊቀ መሳቢያ አያ ቢሆነኝ

የተበላሸ ዕቃ ከሩቅ የሚሸተው፣ ሳይጠሩት መጥቶ ሲሸኙት የማይሄድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ላሊበላ ላይ ይህን ሹመት የያዙት አያ ቢሆነኝ ነበሩ። ያን ሁሉ የካህናት ማዕረግ በሚያውቅ ከተማ ለሳቸው የሚስማማ ቢጠፋ፣ ሰፈርተኛው ራሱ «ሊቀ መሳቢያ» ብሎ ሾማቸው።

ሙያቸው አንድ ነው፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ፣ አብጦ አልከፈት ያለ መሳቢያ ማስከፈት። መላጊያቸውን ይዘው ከች ይላሉ፤ «ምክንያቱን ተዉት፣ ለኔ ልቀቁት» ይላሉ፤ በሐምሌ ጠርዙን ይልጉታል። ታዲያ ኅዳር መጥቶ እንጨቱ ሲደርቅ መሳቢያው ሰው ሳይነካው ይወድቃል። የቀበሌውን ጠረጴዛ የላጉ ጊዜ መሳቢያው ከነማኅተሙ የሊቀመንበሩ እግር ላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ «አሻጥር ነው» ብሎ ሁለት ቀን አሰራቸው። አያ ቢሆነኝም ሁለቱን ቀን የእስር ቤቱን በር ማጠፊያ ሲያበጁ ከረሙ።

በሰባ ዘጠኝ ክረምት የአስቻለች መሳቢያ አልሳብ አለ። ጠረጴዛው ሟቹ ባሏ ከወልድያ በበቅሎ አስጭኖ ያመጣው ነው። ውስጡ ያለው የልጇ የሙሉሃብት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ሙሉሃብት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አስመራ ከሄደ ሁለት ዓመቱ፤ አንዴ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ያን ሰሞን አባስ የሚባል ወታደር ከዚያው ከአስመራ በፈቃድ መጥቶ ነበርና አስቻለች እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው።

«እማማ፣ በስም ብቻ ሰው አይገኝም፤ ያገሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው» አላት። «የክፍሉን ቁጥር ይስጡኝ፣ አፈላልጌ ወሬውን እልክልዎታለሁ።»

ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ ነው። አባስ ደግሞ በማግስቱ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ወልድያ ይወርዳል። ከሰዓት ዝናቡ ከመጣ ወንዙ ስለማያሻግር ከረፋድ አያልፉም።

ጠዋት አስቻለች ከመሳቢያው ጋር ስትታገል አያ ቢሆነኝ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው እግዜር ይወቀው።

«አያ ቢሆነኝ፣ ዛሬ የምቸኩልበት ጉዳይ አለኝ፣ እዚህ ውስጥ...»

«ምክንያቱን ተይው፣ ለኔ ልቀቂው።»

ለቀቀችላቸው፤ ምን ታድርግ። መጀመሪያ ከኪሳቸው የጧፍ ቁራጭ አውጥተው ጠርዙን ሰም ቀቡት። ቀጥሎ እጀታውን ሲስቡ እጀታው ብቻውን መጣላቸው። «ጥሩ ምልክት ነው» አሉ። ጠረጴዛውን ገለበጡት፣ ከኋላ በመዶሻ ነረቱት፣ ጆሯቸውን ለጥፈው እንደ ሐኪም አዳመጡት። አስቻለች ፀሐይዋ ከፍ ስትል እያየች ከቤት ደጅ ተመላለሰች።

«ይስበሩት» አለች በመጨረሻ።

«እኔ? የሟቹን ጠረጴዛ?» ቅር አላቸው። «መስበርማ ሌባም ይሰብራል።»

ምሳር ልታመጣ ብትነሳ ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ተቀመጡበት።

ከታች የነጋዴዎቹ በቅሎዎች ሲጫኑ ይሰማል። አስቻለች መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። «የልጄ ደብዳቤ እኮ ነው ያለው እዚህ ውስጥ። የክፍሉ ቁጥር እሱ ላይ ነው፤ አባስ ሊሄድብኝ ነው። ልጄን በእጄ አጣሁት።»

አያ ቢሆነኝ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ቁጥሩን ነው እንዴ የፈለግሽው?» አሉና ሳይቸኩሉ ቁጥሩን በቃላቸው ጠሩት። እግረ መንገዳቸውንም ቀጠሉ፦ «‹ውድ እናቴ ሆይ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ዳለቻዋ ላም ወለደች ወይ? ጥጃዋን እንዳትሸጫት...›»

አስቻለች ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብዳቤው የመጣ ዕለት ያነበቡላት እሳቸው ነበሩ። አንዴ አንብበው አንድ ቃል አልጣሉም። ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገሩም? ማን ጠይቋቸው። አፏ እንዳመጣላት ሰደበቻቸው፤ እሳቸው ግን ቁጥሩን በእንጨት ስባሪ ላይ እየጻፉላት ነበር። ስባሪውን ይዛ ቁልቁል ሮጣ፣ አባስን ከከተማው መውጫ ላይ ደረሰችበት።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። ከአባስ ወሬ የለም፤ ከሙሉሃብትም የለም። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አስቻለች ጠረጴዛውን ስትወለውል መሳቢያው በጣቷ ብትነካው ሸርተት ብሎ ወጣ። ደብዳቤውን አንስታ ገለጠችው፤ መስመር በመስመር በጣቷ ሄደችበት። ምንም አላላትም። አጥፋ መለሰችውና መሳቢያውን ዘግታ ጠርዙ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። ከዚያ ደጅ ወጥታ ተጣራች።

«አያ ቢሆነኝ፣ ይኸ መሳቢያ ዛሬም አልከፈት አለኝ።»

መጡ። ጨርቁን አዩት፤ አስቻለችንም አዩዋት። በኅዳር የሚጣበቅ መሳቢያ እንደሌለ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ብዙ ሥራ አለበት» አሉ ዱካ ስበው እየተቀመጡ፤ «ዛሬ አያልቅም።» መላጊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ውድ እናቴ ሆይ...›»