ዓይን አይደክምም፣ ክንድ ያጥራል

አርባን ያለፈ ወንድ «ዓይኔ ደከመ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። «መብራቱ ደብዝዟል» ይላል፤ «ዘንድሮ ፊደሉን አሳንሰው ማተም ጀምረዋል» ይላል። ወረቀቱን እያራቀ እያራቀ ሄዶ ክንዱ ሲያልቅበት እንኳ ክንዱን ይወቅሳል እንጂ ዓይኑን አይነካም።

በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ስሠራ እንዲህ ዓይነት ጎልማሶች ሦስት ነበርን። መነጽራችን ግን አንድ ነው። ባለቤት የለውም፤ ቲኬት መሸጫው መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፤ ሁላችንም «አቧራውን ልጥረግለት» እያልን እናወጣዋለን። ባቡር ነጂው እንኳ ሲያልፍ አቧራ ይጠርግለታል።

አንድ ቀን መነጽሩ ጠፋ። በማግስቱ ከድሬዳዋ በመጣው ባቡር፣ በትልልቁ «አስቸኳይ» የተጻፈበት ፖስታ ደረሰን። የውስጡ ጽሑፍ ግን ጉንዳን ያክላል። በዚያ ዘመን አስቸኳይ ወረቀት ቀልድ መሰላችሁ?

የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ መኮንን ወረቀቱን እስከ ክንዳቸው ጫፍ አርቀው፣ «ስብሰባ ነው» አሉ። ቲኬት ሻጩ ኡመር ተቀብሎ፣ «ኧረ ዝውውር ነው፣ ያ ረቢ!» አለ። እኔ ደግሞ ዘመቻ መሆኑን በግልጽ አነበብኩ።

ሻይ ይዛልን የመጣችው የወሎዋ ዘይነባ ስትታዘበን ቆይታ፣ «እስቲ አምጡት» አለች። ባለፈው ክረምት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርናት እኛው ነን። በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን፦

«ጓዶች፣ መነጽራችሁን ተሳስቼ ኪሴ ከትቼ ሄጃለሁ። ነገ እመልሳለሁ። ባቡር ነጂው።»

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጎበዝ ዘይነባ! ልንፈትንሽ ነበር፣ አልፈሻል» አሏት።

ሦስታችንም አጨበጨብንላት።