የጋሽ ተካ እጅ

ቡታጅራ ውስጥ ብሩሽ የሚይዝ እጅ እያለቀ ነበር። ሱቅ የሚከፍት ሁሉ ባነር ቤት ይገባና ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ አብረቅራቂ ላስቲክ ጠቅልሎ ይወጣል። ላስቲኩ አንድ በጋ ፀሐይ ሲመታው ይነጣል፤ ባለሱቁ ግን ሌላ ላስቲክ ያሠራል እንጂ በእጅ ወደሚጻፍ ታፔላ አይመለስም። የከተማው ልጆችም ጣታቸው የሚያውቀው የስልክ መስታወት ብቻ ሆነ። ክቡር ጋሽ ተካ፣ የታፔላዎች አባት፣ የብሩሽ ባላባት፣ ይህን ችግር ሊፈቱ ተነሡ። የድሮ የጽሑፍ ቤታቸውን ግድግዳ ኖራ ቀቡና ጋለሪ አደረጉት፤ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጆች እየሰበሰቡ ሥዕልና የታፔላ ንድፍ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ ሁሉ በእጅ ነው። ደብተር የለም፣ ፈተና የለም፣ ጣውላ፣ ቀለምና ብሩሽ ብቻ።

ሐሳቡ እንከን አልነበረውም። እንከኑ ጋሽ ተካ እጅ ነጣቂ መሆናቸው ነው።

እጅ ነጣቂን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዘመድ በሞላበት ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ ይገኛል። ሽንኩርት ስትከትፉ ከኋላችሁ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ጎማ ስትፈቱ ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ ይመጣል። የገዛ ልጃችሁን ስታቅፉ «እንዲያ አይታቀፍም» ይላችኋል፤ ዞር ስትሉ ልጁ እሱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ክፉ ሰው አይደለም። የተጣመመ ነገር ሲያይ እንደ ጥርስ ሕመም የሚጠዘጥዘው ምስኪን ነው።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ እዚህ ከተማ ጸጉሬ ሸብቷል፤ አንድን ነገር ደረጃ በደረጃ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእህቴን ልጅ ወደ ጋለሪው ሳመላልስ የጋሽ ተካን ነጠቃ በጥሞና ስላጠናሁት ግኝቴን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያ ከልጁ ጀርባ ይቆሙና በአፍንጫቸው ረዘም ያለ ትንፋሽ ይስባሉ። ቀጥለው «ጎበዝ» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሙገሳ አይደለም፤ ደመና ነው። ከዚያ «እንደው ይቺን ብቻ…» ይመጣል። በመጨረሻም ያ ታዋቂ ቃል፦ «እስቲ ወዲህ በለው።» ብሩሹ እጅ ይለውጣል። ልጁ እጁን አጣጥፎ፣ ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው፣ በገዛ ሥራው አጠገብ ይቆማል። ብሩሹ ተመልሶ አያውቅም።

ሲሠሩ ማየት ግን እንዴት ያስደስታል መሰላችሁ። ኖራ የነካ ሲባጎ ጣውላው ላይ ይወጥራሉ፤ መሐሉን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት ጣ ይልና ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ጥሎ ይነሣል። ፊደሉ በዚያ መስመር ላይ ይቆማል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ቀይ ጥላ ይገባል፤ ለምን ቢሉ፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ዓይን ጥላ ካየ ፊደሉ ከጣውላው ተነሥቶ የቆመ ይመስለዋል። የጋሽ ተካ ጥላ የሚወድቀው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። በእሳቸው ታፔላ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ ከእንሴኖ መናኸሪያ ጀምሮ እስከ ቡታጅራ ያሉ ያረጁ ታፔላዎች ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ።

በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ ኤግዚቢሽን ሆነ። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ የሰፈሩ ሱቅ ታፔላ ነድፎ ነበር። ወላጆች ገቡ። ሁሉም ታፔላ ያማረ ነበር። ሁሉም ቀይ ጥላ ነበረው። ጥላውም ሁሉ ወደ ግራ።

ገበያው ጥግ ጅባ የሚባለውን የእንሰት ምንጣፍና ቃጫ የምትሸጠው ወይዘሮ መሕቡባ መጣች። ልጇ ከድጄ ለእናቷ ሱቅ የሚሆን ታፔላ ክረምቱን ሙሉ ስትደክምበት ነው የከረመችው፤ ቢያንስ ሲደከምበት አጠገቡ ቆማ ነው የከረመችው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ተካ። የልጄ የቱ ነው?»

«ይኸው ፊት ለፊትሽ።»

መሕቡባ ቀረብ ብላ አየችው። «ቆንጆ ነው። አንተ ነህ የሠራኸው።»

«እኔማ ትንሽ ነው የነካሁት።»

«እሷስ የቱን ነካች?»

ጋሽ ተካ ጣውላውን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ። ከድጄ ራሷ ጣቷን ዘርግታ ከታች ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አሳየች። «ይቺ የኔ ናት።»

«እንግዲያው ነጥቧን እወስዳለሁ» አለች እናት። «ሌላው አንተው ጋ ይቀመጥልኝ።» ታፔላውን ግድግዳው ላይ ትታ፣ ልጇን እጇን ይዛ ወጣች።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሽ ተካ ክፍሉ መሐል ቆመው ግድግዳውን ዞረው ዞረው አዩት። «መምህር» አሉኝ፣ «ለካ ባነር ቤት የሆንኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ከአንድ ማሽን ወጣ።»

ስሌቱ ትክክል ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ከድጄ በልመና ተመለሰች፤ እናቷ የላከቻት «ዘንድሮ የልጄን እጅ ካላየሁ ሁለተኛ አትመጣም» ብላ ነው። ጋሽ ተካም እጃቸውን ለማሰር በብርቱ ተጣጣሩ። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ኪሱ ተቀደደ። በሁለቱም እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ይዘው መዞር ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተው ብርጭቆዎቹን የልጆቹ ሥዕል ላይ አስቀምጠው ብሩሽ አነሡ፤ ሥዕሉ ላይ የቀረው ክብ የሻይ ምልክት ግን፣ እንደ ሂሳብ መምህር ልመስክር፣ እንከን የለሽ ነበር። በመጨረሻ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ በሲባጎ አሰሩላቸው። በአገጫቸው ማስተማር ያዙ። «ወደ ላይ… ትንሽ ወደ ላይ… ኧረ ወደ ላይ» ሲሉ ሲሉ ጺማቸው ሰማያዊ ሆነ።

መሕቡባ አንድ ቀን በበሩ ስታልፍ ይህንን ጺም አየች። ሳቋን ጨርሳ ገባች።

«ጋሽ ተካ፣ ቤት ስታሠራ ደቦ ጠርተህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ።»

«ጣሪያ ላይ ወጣህ?»

«ባለቤቱ ምን ሊያደርግ ይወጣል? የኔ ድርሻ ማብላትና ማጠጣት ነው።»

«የሚከድነው ሰውዬ ሣሩን ሲያጣምምብህስ ከእጁ ቀማኸው?»

ጋሽ ተካ ደነገጡ። «ነውር አይደለም እንዴ! እንዲያ ካደረግኩ ነገ ማን ይመጣልኛል?»

«በል፣ እነዚህ ደቦህ ናቸው» አለች ልጆቹን እያሳየች። «አንተ የጠራሃቸው።»

እኔ በመጣሁበት አገር የደቦ ባለቤት ከአጫጆቹ ፊት ፊት እያጨደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ነገሩን ቆሜ አስረዱኝ አልኩ። በመሕቡባና በጋሽ ተካ ቀዬ ቤት ሲከደን ባለቤቱ ሣሩን ያቀርባል፣ ያበላል፣ «በርቱ» ይላል፤ ከዚህ አያልፍም። ሊረዳው ከመጣ ሰው እጅ ሥራ የቀማ እንደሆነ «ሥራህ አይረባም» ብሎ በአደባባይ እንደሰደበው ይቆጠራል። ኪስና ሲባጎ ያልገታቸውን ጋሽ ተካን ይህ ነገር ገታቸው። መምህርነት እጃቸውን ሊያስር አልቻለም፤ የጋባዥነት ክብር አሰረው።

ያ እጅ ግን ሥራ ካልሠራ መኖር አይችልም። ስለዚህ ማብላት ጀመረ። ቆሎ መጣ፣ ቅቅል ድንች መጣ፣ ትኩስ ዳቦ መጣ። በዚያ ክረምት ጋለሪው ውስጥ የሥዕል ችሎታና የልጆች ጉንጭ እኩል አደጉ። ጋሽ ተካ ንጹሕ ብሩሽ ደግመው ያጥባሉ፤ ከጀርባ እያለፉ «በርቱ» ይላሉ። የ«በርቱ» ዓይነቱም ብዙ ነው። አጭሩ «በርቱ» እውነተኛ ነው። «በ…ርቱ» ከሆነ መስመርህ ተጣሟል ማለት ነው። «በርቱ እንግዲህ» ካሉ እንባ ሊቀድማቸው ስለሆነ ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ኤግዚቢሽኑ ሲቃረብ ትልቁ ፈተና መጣ። ከድጄ «የመሕቡባ ጅባና ቃጫ» ብላ መጻፍ ጀምራለች፤ ግን ሳትለካ በልበ ሙሉነት ነበር የገባችበት። የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች እንደ በሬ ገዝፈው ጣውላውን ሞሉት፤ «ቃጫ» የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ጋሽ ተካ የቆሎ ትሪ ይዘው ከጀርባዋ ደረሱ። ቆሙ። ረዥሙ ትንፋሽ በአፍንጫ ገባ።

«ጎበዝ» አሉ።

እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«እንደው ይቺን ብቻ…»

ከድጄ ዞር ሳትል «ጋሼ፣ ቆሎ አልቋል» አለች።

ጋሽ ተካ ትሪውን አዩ። ቆሎው እስከ አፉ ሞልቷል። «አልቋል?»

«አልቋል።»

ትሪው ላይ ትንሽ አቀረቀሩ። ከዚያ ሙሉውን ትሪ ተሸክመው ቆሎ ሊያመጡ ወጡ።

ሲመለሱ ከድጄ መላ አግኝታለች። «ቃጫ» የሚለውን ከጣውላው ጠርዝ ወደ ታች አጥፋ ጽፋዋለች፤ አጥር ላይ ተሰጥቶ ጫፉ እንደሚንጠለጠል ጅባ። ከሥሩም የቃጫ ዘርፍ የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች አውርዳለታለች። ጥላም አስገብታለች፤ አረንጓዴ ነው፣ የሚወድቀውም ወደ ቀኝ።

ጋሽ ተካ ሁለት ትሪ ታቅፈው ብዙ ቆሙ። «እኔ ብሆን ፊደሎቹን አጠብባቸው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቆሎውን ማዞር ቀጠሉ።

ለመስቀል ከተማው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ ሲሞላ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ እኩል የሆነ ነገር አልነበረም፤ አንዱ ሽቅብ ይሮጣል፣ አንዱ ቁልቁል ይንሸራተታል። መሕቡባ ገብታ ማንንም ሳትጠይቅ አንዱ ጋ ሄዳ ቆመች። «ይሄ የሷ ነው።»

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሻሿንም እንዲህ ነው የምታስረው። ጫፉ ሁልጊዜ ይንጠለጠላል።» እጇን ዘርግታ ታፔላውን ከግድግዳው አወረደችው። ኤግዚቢሽኑ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል ብንላት «ሱቄ እስከ ማታ ክፍት ነው፣ እዚያ መጥታችሁ እዩት» ብላ ብብቷ ሥር ይዛው ሄደች። ከድጄ ከኋላዋ እየሮጠች «ቀለሙ አልደረቀም!» ትላለች። ጋሽ ተካ በሩ ላይ ቆመው ባዶውን ምስማር ሲያዩ ፊታቸው የበራውን ያህል በራሳቸው ታፔላ እንኳ በርቶ አላየሁም።

አሁን ትምህርቱ ከክረምት አልፎ ቅዳሜ ቅዳሜም ሆኗል፤ እኔም ኋላ ወንበር ላይ ጣውላና ብሩሽ ይዤ እቀመጣለሁ። ልታዘብ ነው የምቀመጠው እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ያ እጅ ሥራ ፈትቶ ትሪ ሲያዞር ማየት ከበደኝ። የደቦው ሕግ ለልጆቹ ነው፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አይመለከተኝም። ስለዚህ ሆን ብዬ «መ»ን አጣምማለሁ። ይመጣሉ፣ ይቀሙኛል፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ሲባጎው ጣ ሲል እሰማለሁ። በቡታጅራ ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም።

ጋሽ ተካ ግን ነቅተውብኛል። «መምህር፣ አንተንም ማለፍ መቻል አለብኝ» አሉኝ በቀደም። አሁን የያዙት ልምምድ ይህ ነው፤ እኔን ማለፍ። ባለፈው ቅዳሜ ትሪያቸውን ይዘው መጡ፤ «በርታ» አሉና፣ አጭሩን፣ እውነተኛውን፣ አለፉኝ። እኔም «መ»ዬን ትንሽ ይበልጥ አዘነበልኳት። በሩ ጋ ደረሱ። ቆሙ። በአፍንጫ የሚገባ ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ።

«ጎበዝ» አሉ።

ብሩሹን ላላ አድርጌ ያዝኩት።