ጾመኛው ነጭ አምባዛ

መንግሥት በጸናበት ዘመን ምድር እህሏን፣ ሰማይ ዝናሙን፣ ወንዝም አምባዛውን እንደማይነፍግ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዳንግላ አቅራቢያ፣ ስሟን ማንሣት በማያስፈልግ አንዲት ወረዳ፣ ደጉ የሚባል ገበሬ ከግልገል ዓባይ ነጭ አምባዛ ዓሣ አውጥቶ ሲያመጣ ገዥው ግራዝማች አድማሴ ከቶ አልደነቃቸውም። እንዲያውም የዘገየ መሰላቸው። የዓሣው ዘመዶች ሁሉ ጭቃ መስለው ሲኖሩ፣ ይህኛው ከጅራቱ እስከ ሪዙ ጫፍ እንደ ተፈተገ ገብስ ነጭ ነበር።

ግራዝማች ቀኛዝማች መባልን ሲጠብቁ ሸብተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ ለሹመቱ ቀን የሚሆነውን ካባ አስቀድመው አሰፍተው፣ ብል እንዳይበላው እያወጡ ፀሐይ ያሰጡታል። የጎረቤቱ ወረዳ ገዥ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ ለበላይ አሳይተው ቀኛዝማች ከተባሉ ወዲህማ ባልና ሚስት እንቅልፍ አጡ። አሁን በሁዳዴ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ወረዳውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሏል። አምባዛው የመጣው እንግዲህ በሰዓቱ ነው።

ከነጋዴው ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ ብስኩት የሚደረደርበት የመስታወት ሣጥን ለመንግሥት ሥራ ተወሰደ። ጠርዙ በሰም ተደፍኖ ውሃ ተሞላና ዓሣው ከባንዲራው ሥር፣ ከገዥው ወንበር በስተቀኝ ተቀመጠ። ባለጉዳይ ሲገባ አስቀድሞ ለግራዝማች፣ ቀጥሎ ለአምባዛው እጅ ይነሣል። ዓብዱልሀሚድ ሣጥኑ መቼ እንደሚመለስለት ቢጠይቅ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ተባለ፤ እውነትም አገር ምድሩ እየመጣ ያየው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከዓሣው ራስ ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ አለ። ጸሐፊው ዓለምነው በሽታ እንዳይሆን ብሎ ፈራ።

«ማዕረግ ነው እንጂ!» አሉ ግራዝማች። «ትከሻው ላይ መውጣቱን አታይም?»

ዓለምነው ደመወዝተኛ ነበርና አየ። ነጠብጣቡ በሰፋ ቁጥርም ሹመቱ የቀረበ መሆኑ በየዕለቱ ይነገር ጀመር።

ሌላ ችግር የመጣው በምግቡ ነው። ዘበኛው ትል ሲጥልለት የገዥው ነፍስ አባት መምሬ አበረ ደረሱ።

«ግራዝማች፣ በሁዳዴ፣ በባንዲራ ሥር ይገደፋል?»

«መምሬ፣ ዓሣ እኮ ነው።»

«የመንግሥት ዓሣ ነው። እሱ ከገደፈ ሕዝቡን ማን ይይዘዋል?»

ነገሩ በሸንጎ ታየ። መምሬ ዓሣ መብላትም፣ ዓሣ ሲበላ ማየትም በሁዳዴ ክልክል መሆኑን ከቀሰሱበት ቀን ጀምሮ እንዳስተማሩ አስረዱ። ስለዚህ አምባዛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲጾም፣ ከዚያም በኋላ የተፈጨ የሽምብራ ቆሎ ብቻ እንዲሰጠው ተወሰነ። ቆሎውን አሽትቶ ይተወዋል። ቀን በቀን ከሳ፤ ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ። ግራዝማች ግን ከልባቸው ወደውት ነበር። ሰው በሌለበት መስታወቱን በጣታቸው እየነኩ «አይዞህ፣ እኔም እየጾምኩ ነው» ይሉት ነበር።

እንግዳው በዐርብ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ አቧራ ለብሰው፣ እህል ሳይቀምሱ ከእንጅባራ በመኪና ደረሱ። ግራዝማች ሲያጠኑት የከረሙትን ንግግር አሰሙ፤ ስለ ፍጥረት፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ወረዳው ዕድገት ተናግረው ሲያበቁ ሣጥኑን የሸፈነው ነጠላ ተገፈፈ። እንግዳው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ግራዝማች» አሉ፣ «አገሩን ስዞር ባለ ሁለት ራስ ጥጃ፣ ባለ አራት ቀንድ በግ ያላሳየኝ ሹም የለም። ጾመኛ መሆኔን ያሰቡልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ወደ አጃቢያቸው ዞሩና «ዘይት እንዳይበዛበት ንገርልኝ» አሉት።

ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ። የበላይ ተሳስተዋል ለማለት የሚሆን ቃል ግን በአፋቸው ኖሮ አያውቅም። መምሬ አበረን በዓይናቸው ለመኑ። መምሬም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዓሣ ደም የሌለው ስለሆነ በሁዳዴ ቢበላ ነውር የለበትም ሲሉ አስተማሩ።

በወጡ በርበሬ ውስጥ ነጩም ነጠብጣቡም አልታወቀም። እንግዳው ጣታቸውን ጠርገው ጣዕሙን አመሰገኑ፤ መክሳቱ ብቻ ቅር እንዳሰኛቸው ተናገሩ። ከዚያም ቀኛዝማችነቱ ሲጠበቅ፣ ግራዝማች አድማሴ ጾሙ እስኪፈታ በየዐርቡ አንድ የወፈረ አምባዛ ራሳቸው መርጠው እንዲልኩ ታዘዙ። ዓብዱልሀሚድ ሣጥኑን ተረከበ፤ ብስኩቱን ግን ዓሣ ዓሣ ስለሚል የሚገዛው አጣ።

ግራዝማች ሐሙስ ሐሙስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከግልገል ዓባይ ዳር ይቆማሉ። አንድ ቀን ደጉ መረቡን ሲስብ እንደ ፊተኛው ያለ ነጭ አምባዛ ወጣ። ከፊተኛው ይወፍራል።

«ጌታዬ፣ ሣጥኑን ላስመጣ?»

ግራዝማች ግራ ቀኙን ቃኙ። ጎንበስ ብለው ጭቃ በእፍኛቸው ዘገኑና ጥቁር እስኪሆን ድረስ በገዛ እጃቸው ቀቡት።

«መልሰው» አሉ። «ይህኛው ግን ለሹመት ሳይታጭ ይሂድ።»