አማቴና የጓሮው ጎመን

እንደ ጎመን ውለታው የተበላበት ነገር በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ሐምሌ ላይ ጎተራው ሲራቆት፣ ሽሮው ሲሳሳ፣ ሽንኩርት ዋጋው አልቀመስ ሲል፣ ጓሮ ቆሞ ዝናብና በረዶ በራሱ ላይ እየተቀበለ «አለሁ» የሚለን እሱ ነው። ደግሞ አያኮርፍም፤ ዛሬ ብትቀጥፉት ከሳምንት በኋላ ቅጠሉን መልሶ አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ታዲያ መስከረም ጠብቶ እሸት ብቅ ሲል ምን ብለን እንሸኘዋለን? «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ክረምቱን ሙሉ የት ከርመህ መጣህ ተብሎ የተጠየቀ ገንፎ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሲብስም እናፍርበታለን። ጎመን እየበላን በር ከተንኳኳ ሳህኑ አልጋ ሥር ይገባና፣ ከንፈራችንን ጠርገን «ኧረ ግቡ፣ ምነው ጠፋችሁ!» እንላለን። እንግዳውም ከሽታው ያውቃል፤ እሱም ቤቱ ሳህን የሚደብቅበት አልጋ አለውና ዝም ይላል። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት አዘውትሮ የሚተርተው ማን እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ከሥጋ ቤት የሚወጣ ሰው ነው። ጎመን የሚበላውማ ምን ተረት ያስፈልገዋል፣ ዝም ብሎ ይበላል።

እኔ ራሴ በጎመን ከሚያፍሩት አንዱ ነበርኩ። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን እንዴት አድርጎ ምግብ እንደሚያደርገው ሃያ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ስስል ኖሬአለሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔ ቤት እውላለሁ። ባለቤቴ ስመኝ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ የሚሰፋው ነሐሴ ላይ ነውና ያን ሰሞን ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም። ስለዚህ ድስቱም ጓሮውም የእኔ ነው። ዘንድሮ ስልኬ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ልቤ ተነሣሥቶ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመስመር በመስመር ዘርቼ ነበር። የእንጅባራን ክረምት የምታውቁ ከወዲሁ ሳቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ ሰላጣዬን ከመሬት ጋር ለጥፎት ሄደ። ማንም ሳይንከባከበው አጥር ሥር የበቀለው የአበሻ ጎመን ብቻ፣ ቅጠሉ ወንፊት መስሎ፣ ቆሞ ተገኘ።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። እማማ አንጓች የዘንገና አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ጾማቸውን አንድም ቀን ያላፈረሱ፣ ሲቆጡ በአገውኛ፣ ሲመክሩ በአማርኛ የሚናገሩ ሴት። እኔ ደግሞ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ ወንጌላዊ ነኝ፤ «ጴንጤ» ብትሉኝም አልቀየምም፣ ለምጄዋለሁ። ስመኝ እኔን ብላ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካገባች ሰባት ዓመት ሆናት። በእነዚህ ሰባት ዓመታት እማማ ልጃቸውን ጥለዋት አያውቁም፤ ስትወልድ መጥተዋል፣ ስትታመም መጥተዋል፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ድንች ተሸክመው መጥተዋል። ነገር ግን ከቤታችን አንዲት ጉርሻ ቀምሰው አያውቁም።

ሰበብ አያልቅባቸውም። «አሁን በልቼ ነው የወጣሁ።» «ሆዴን ነፍቶኛል።» «ዛሬ እንዲያው እህል አላሰኘኝም።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስመኝ ያልሞከረችው የለም፤ በፋሲካ ዶሮ ሠርታለች፣ በጾም ሽሮ ሠርታለች፣ አንድ ዓመት በግ አሳርዳኛለች። አንድ ጊዜ ጨክና «እማ፣ የጠላት ቤት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «የጠላትስ አይደለም ልጄ፤ እቃችሁ ግን ጾም አያውቅም» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ የእኛ ድስት ረቡዕንና ዐርብን አይለይም። ስመኝ ግን ያን ቀን ስታለቅስ አመሸች። «የጠላችው ድስቱን ሳይሆን እጄን ይመስለኛል» አለችኝ።

ዘንድሮ የፍልሰታ ጾም በተያዘ ሰሞን እማማ የቀኝ ዐይናቸውን ሞራ ተገፈፉ። ሐኪሙ ዐይናቸውን አሽጎ፣ ለሁለት ሳምንት ጎንበስ ማለትና ጭስ ከልክሎ፣ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ እንዲውጡ አዝዞ ሰደዳቸው። ገጠር ያለው ቤታቸው ደግሞ በክረምት ከደጁ ጉም ይልቅ የውስጡ ጭስ የሚከብድበት ነው። ስለዚህ እኛ ቤት አረፉ። ስንቃቸውን ግን ቋጥረው ነው የመጡት፤ ገብስ ቆሎና ዳቦ። ስመኝ የምታቀርበውን እያመሰገኑ ወደ ጎን ገፋ እያደረጉ፣ ሦስት ቀን ቆሎ እየቆረጠሙ ኪኒናቸውን ዋጡ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከረጢቱ ባዶ ሆነ። «በሉ እንግዲህ፣ ነገ አገሬ እገባለሁ» አሉ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቢሄዱ ጭሱ ዐይናቸውን ይጨርሰዋል፤ ግራዋ ዐይናቸው እንደሆነች እሷም ጭጋግ ከለበሰች ቆይታለች። ቢቀሩ ደግሞ ምን በልተው? ስመኝ የማን ልጅ ዩኒፎርም እንደሆነ እንጃ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ «እኔ ቤት አልበላም ብላ ዐይኗን ልታጣ ነው» እያለች ታለቅሳለች። እኔም መጸለይ ጸለይኩ። ከዚያ ራበኝና ለራሳችን ምሳ ጎመን ልቆርጥ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዝናቡ ጋብ ብሏል። እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከታሸገችው ዐይናቸው ላይ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«መምህር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጎመን እየቆረጥኩ ነው እማማ።»

«በምን?»

«በመቀስ።»

«ጠጉሯን ሊያስተካክሏት ነው?»

አማትና አማች ነንና አንቱ እንባባላለን፤ ስድብ ደግሞ በአንቱታ ሲመጣ ይበልጥ ይለበልባል።

ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ጎንበስ ማለት ክልክል ነውና ቀጥ ብለው ቆመው በበትራቸው ጠቆሙ። እኔ ለጋ ለጋውን ብዬ ከጫፍ ከጫፉ እየቆረጥኩ ነበር። «ወይ ጉድ! ልቧን ቆርጠው ነገ ምን ሊበሉ ነው? ከታች ይጀምሩ እንጂ! አሮጊቶቹን ያንሡ፣ ልጆቹን ይተዉ።» መቀሱን ጣልኩና ከታች ጀመርኩ። «ወደ ታች ጫን አድርገው ወደ ጎን ይስበሩት።» ጫን አደረግሁት። ቀጭ! አለ። «እሱ ደኅና ነው። ቀጭ ካላለና ልጣጩ ከተንዘላዘለ አርጅቷል፣ ለዶሮ ይጣሉት።» አንዷ ዐይናቸው ታሽጋ፣ ሌላዋ ጭጋግ ለብሳ፣ ከአምስት እርምጃ ላይ ሆነው ቅጠሉን በጆሯቸው እየመረጡ አስቀጠፉኝ። ሃያ ዓመት ቅጠል አስተምሬአለሁ፤ ቅጠል ሲሰበር የሚናገረው ነገር እንዳለ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

እቅፌ ሲሞላ አንዱን ቅጠል ተቀብለው አሸተቱት። ምራቃቸውን ሲውጡ አየሁ።

«መሬቱ መቼም የእግዜር ነው» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

«አዎ እማማ።»

«ዝናቡም ጴንጤ አይደለም።»

«አይደለም እማማ።»

«እንግዲህ ችግሩ ድስቱ ነው።»

ሰባት ዓመት የተዘጋው በር ገርበብ አለ። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ፤ በባጃጅ ገበያ ወርጄ አዲስ የሸክላ ምንቸት፣ አዲስ ሳህን፣ አዲስ ማማሰያና አዲስ ቢላዋ ገዛሁ። ምንቸቱን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ስመለስ ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ «መምህር፣ ክርስትና ነው እንዴ?» አለኝ። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ልቤ ምንቸቱ ላይ ነበር።

ቤት እንደደረስኩ፣ ጭሱ እማማን ከማያገኝበት ከበረንዳው ጫፍ ላይ ከሰል አያያዝኩና ምንቸቱን ውሃ ሞልቼ ጣድኩት። ብዙም አልቆየ። ጧ! ለሁለት ተከፈለ፤ ከሰሉ ጠፋ፣ አጠገቡ የነበረው ጎመን አመድ ለበሰ። «ሳያሟሹት ጣዱት?» አሉ እማማ ከውስጥ። አዲስ ምንቸት መጀመሪያ ዘይት ጠጥቶ ቀስ ባለ እሳት መሟሸት እንዳለበት ለእኔ ማን ነገረኝ! ከዚያ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ፤ እማማ አንጓች ሳቁ። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነው መሰለኝ ቶሎም አላባራ። «በሉ ሌላ ያምጡ፤ ይህንንስ እኔ አሳይዎታለሁ» አሉ።

ሁለተኛውን ምንቸት በትእዛዛቸው አሟሸሁት። ጎመን እንደገና ቀጠፍኩ፤ ከታች! ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገባበት፣ ዘይት ጠብ አለበት፣ ድንችም እዚያው ተቀቀለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እማማ አማትበው ተቀመጡ። ስመኝ ተጠርታ መጥታ፣ ክር ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መጋረጃው ጋ ቆማለች። እማማ ድንቹን ሰበር አድርገው ከጎመኑ ጋር ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ስመኝ ጨው ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል፣ ጨውም አልያዘችም።

ልብ በሉ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እኚህን ሴት ያከበርናቸው እኛን ደስ ባለን ነገር ነው። ዶሮው ትልቅ ነበር፣ በጉ ትልቅ ነበር፣ ጉራችንም ትልቅ ነበር። «ምን ይበላሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አንድም ሰው የለም። አገራችን እንግዳ ተቀባይ ናት ይባላል፤ ነች። ብቻ አንዳንዴ እንግዳውን ሳይሆን ግብዣችንን ነው የምንቀበለው።

ከዚያ በኋላ እማማ የመሄዱን ነገር ረሱት። በየቀኑ እኔ እቀጥፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ እከትፋለሁ፤ እሳቸው በጥቁር መነጽራቸው ሆነው ያዝዛሉ። ኪኒኑ በደንብ ተዋጠ። ፊታቸው ወዛ። ስመኝ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ላይ ስትዘፍን መስማት ጀመርኩ፤ መዝሙር ነው ብላ ተከራክራለች። እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ቀን አለፈ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አያቸውና ዐይናቸው ድናለች አለ፤ ጎንበስ ቀና ማለትም ተፈቀደላቸው። ከባጃጅ እንደወረዱ ቤት እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደው በገዛ እጃቸው እቅፍ ሙሉ ቀጠፉ። እኔም እንደ ልማዴ ሳፋው ውስጥ ነከር ነከር አድርጌ ወደ መክተፊያው ሳወጣው፣ አንዱን ቅጠል አንሥተው ገለበጡት። አዩት። በአዲሷ ዐይናቸው ቀረብ አድርገው ደግመው አዩት።

«መምህር።»

«አቤት እማማ።»

«ይህ ምንድን ነው?»

ከቅጠሉ ጀርባ፣ ቀለሙ ከቅጠሉ የማይለይ አንድ የጠገበ ትል ተጋድሟል።

«ትል ነው እማማ። ቆይቶ ቢራቢሮ ይሆናል።»

«ምን እንደሚሆን አልጠየቅሁዎትም። አሁን ቅጠል ነው ወይስ ሥጋ?»

ስመኝ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰባት ዓመት የለመንነው፣ ዘጠኝ ቀን ያገኘነው ነገር ሁሉ በአንዲት ቅጠል ላይ ተንጠለጠለ። «ቅጠል ነው» ብል ማን ያውቅብኛል? እግዜር ያውቅብኛል። ደግሞም የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

«ሥጋ ነው» አልኩ።

«ዘጠኙንም ቀን እንዲህ ነው ሲያጥቡ የከረሙት?»

«እንዲሁ ነው።»

ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ሰባት ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰባት ዓመት የቤታችሁን ሥጋ ስሸሽ ኖሬ፣ በፍልሰታ በጎመን ጠቅልለው አጎረሱኝ!» ቁጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው! ዐይናቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስመኝ መርፌዋን ካፏ አወጣችና አብራቸው ሳቀች፤ እኔ ለመሳቅ ፈቃድ እጠብቅ ነበር።

ሳቁ ሳቅ ነው፣ ጾሙ ግን ጾም ነው። ስልኬን ተቀብለው፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። «ምስጢር ነው» ብለው አባረሩኝ። ግን ገጠር ላለ ሰው የሚደወለው በጩኸት ነውና የትሉን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ሲመለሱ ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

«ሳያውቁ የሆነ ነው ብለዋል። ቢሆንም ጾሙ ሲፈታ ሰባት ቀን ጨምሪ አሉኝ።»

«ታዲያ... ልትሄጂ ነው እማ?» አለች ስመኝ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ወዴት እሄዳለሁ? ጥፋቱ የተሠራው እዚህ፣ ካሣውም እዚሁ» አሉና ሳፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ማጠቡን ግን ከእንግዲህ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ፍልሰታ ተፈታ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን አረደ። እማማ አንጓች ቅጣታቸውን እኛ ቤት፣ ጎመን ላይ ቀጠሉ። ጥፋተኛው እኔ ነኝና አብሬ በላሁ፤ ስመኝም መኪናዋን እያቆመች እየመጣች ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በላች። ሰባቱንም ቀን ሦስታችን ከአንድ ሳህን ነበር፣ ከአልጋ በላይ፣ በሩም ክፍት። በቤተ ክርስቲያናችን «መምህሩ ጾም ጀምሯል፣ ሊከዳን ነው» ተብሎ ተወርቷል አሉ።

ይወራ።