የዱባ ፍሬ ዘይትና የመነኩሴ ቆብ

በእኛ በላስታ ወንድ ልጅ ስለ ጉልበቱ ያወራል፣ ስለ ጥርሱ ያማርራል፤ ጨጓራውንማ ተዉት፣ ለማያውቀው መንገደኛ ሳይቀር ይዘረዝርለታል። ከእምብርት በታች ያለው ግን የመንግሥት ምስጢር ነው። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር ብሆንም ከሰው የተለየሁ አይደለሁም። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህማ ለማን ይነገራል? ለልጅ አይነገር፣ ለጎረቤት አይነገር።

ነገሩ የፕሮስቴት እጢ ማበጥ ነው። ሐኪሙ መርምሮ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ነገረኝና መድኃኒት ጻፈልኝ። የዱባ ፍሬ ዘይት ይረዳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጠየቅሁት። «ለአንዳንዱ ሰው ቀለል ያደርግለት ይሆናል፤ እርግጡ ገና አልታወቀም። ብቻ ዘይቱን ተማምነው ምርመራ እንዳይተዉ» አለኝ። ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ እውጣለሁ። ጠቀመኝ? እንጃ! ሽንቴ እንደ ግትር በቅሎ ነው፤ ሲለምኑት ይቆማል፣ ሲረሱት ይገሰግሳል።

ከሁሉ የጎዳኝ ማኅበሬን ማጣቴ ነው። በገብርኤል ማኅበራችን ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ነው የሚቀመጠው። ጽዋው ሲዞር ከመሐል ተነስቶ፣ የሰው እግር እየተሻገሩ መውጣት ነውር ነው፤ ሦስቴ መውጣትማ! ስለዚህ ቀረሁ። አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ እንግዳ አልኩ። ጠላም ተውኩ። ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ ቤቴን ዘግቼ፣ ሳቃቸውን ከታች ሰፈር እሰማለሁ። ናፈቁኝ፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ከሰው ከራቀ፣ ጠላ ከተወ፣ ቤቱ ከገብርኤል ሥዕል ሥር የዘይት ጠርሙስ ከታየበት፣ ላሊበላ ምን ትላለች? ሊመነኩስ ነው ትላለቻ!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ማኅበርተኞቼ ቆብ አሰፍተው መጡ። «መምህር፣ ምንኛ ታድለዋል!» አሉ ታላቃችን መምሬ ውቤ። «ቦታዎን ለሌላ ሰው ልንሰጥ ነውና ይመርቁን።»

ድንግጥ አልኩ። ቆቡን ብቀበል ቦታዬ ሄደች፤ አልቀበልም ብል ምክንያቴን ሊጠይቁኝ ነው።

«መምሬ፣ እኔ የምመነኩስ ሰው አይደለሁም» አልኩ። «ሽንት ነው ያስቸገረኝ። ዘይቱም የሱ መድኃኒት ነው።»

አንዱ ጣራ ጣራውን አየ፣ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። ቆባቸውን ይዘው ውልቅ አሉ። አለቀልኝ አልኩ፤ ሚስቴን ቀብሬ የገባሁ ዕለት እንኳ ቤቱ እንዲያ አልሰፋብኝም።

በማግሥቱ አንደኛው ብቻውን መጣ፤ ትንሽ ዘይት ለወንድሙ ፈልጎ ነው። ከሰዓት ሌላው መጣ፤ ለጎረቤቱ። ሦስተኛው «ለአንድ ሰው» ብሎ ተወው። ሁሉም መንገዱን ግራ ቀኝ እያዩ ገቡ፣ ግራ ቀኝ እያዩ ወጡ። ስንት ዘመን ከአንድ ጽዋ የጠጣን ሰዎች ለየብቻችን ስንቸገር ኖረናል ማለት ነው።

በመጨረሻ መምሬ ውቤ መጡና ከጋቢያቸው ሥር ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጡ።

«ለአማቴ ነበር» አሉ።

አማታቸውን ገነተ ማርያም የቀበርናቸው አብረን ነው፤ ቃሬዛውን ከጎናቸው ሆኜ ተሸክሜያለሁ። ቀዳሁላቸው።

«ብቻ መምሬ፣ ሐኪም ሳያያቸው እንዳይቀሩ» አልኩ።

ጠርሙሱን ከጋቢያቸው ሥር መልሰው ሸሸጉ።

«እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።