ሁለት ነጥብ አባቶቻችንን አውቶቡስ ያሳፈረበት ስብሰባ

ቀን፦ ስግድ (ኢየሩሳሌም ወጥተን የምናከብረው የቤተ እስራኤል በዓል) ሊደርስ ሲል ያለው ሰኞ፣ 12 ሰዓት ተብሎ 1 ሰዓት ላይ
ቦታ፦ አሽቀሎን፣ አቲቆት፣ የሰፈሩ ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል)፣ የልጆች መጫወቻ ክፍል (አዳራሹ በዙምባ ዳንስ ስለተያዘ)
የተገኙ፦ ጋሼ ደርሶ (ሰብሳቢ)፣ እማማ ንግሥት ይፍሩ፣ ጋሼ ሰማኝ፣ ኢንባር (ጸሐፊ፤ የሰብሳቢው የልጅ ልጅ፣ «ስልክ ከምትነካኪ» ተብለው የተመረጡ)
ምልዓተ ጉባኤ፦ አንዱ ሌላውን ስለማያምን ሦስቱም የጉዞ ኮሚቴ አባላት መጥተዋል፤ ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ጸሐፊዋ ራሳቸውን «አንቱ» ማለታቸውን ተቃውመዋል። ተቃውሞው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ የኢየሩሳሌሙ አውቶቡስ ለምን በሙታን እንደሞላ

ጸሐፊዋ እንዳስረዱት፣ ሰብሳቢው የአርባ ተጓዦችን ስም በአንድ ትንፋሽ ዋትስአፕ ላይ ጽፈው «በስሞቹ መካከል ሁለት ነጥብ አለ» ብለዋል። ጸሐፊዋም ወንበር የሚደለድለውን የኮምፒውተር ፕሮግራማቸውን «ሁለት ነጥብ ባገኘህበት ቁረጥ፤ ቁራጩን ሁሉ አንድ ሰው በል» ብለው አዘዋል። ሰብሳቢው ግን ጎንደር እንደተማሩት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ስለሚያደርጉ፣ «ንግሥት ፡ ይፍሩ» ሁለት ሰው ሆነዋል። አርባውን ወንበር የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰዎች ከነአባቶቻቸው ይዘውታል። መጨረሻ የተጻፉት ጋሼ ሰማኝ ወንበር አጥተዋል።

ጋሼ ሰማኝ «በሕይወት መኖሬ ጎዳኝ» ሲሉ ቅሬታ አቅርበዋል።

ጸሐፊዋ ሰው ከሰው በፕሲቅ፣ ማለትም በነጠላ ሰረዝ፣ ይለይ ብለዋል። ሰብሳቢው ፕሲቅ የዝንብ እግር እንደሆነና ያለ መነጽር እንደማይታያቸው ገልጸዋል። ጋሼ ሰማኝ ወንበር ያሳጣቸው የሚታየው ነጥብ መሆኑን አስታውሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ (ሀ) በነጠላ ሰረዝ እንዲቆረጥ፣ (ለ) አባቶች በሙሉ ከአውቶቡሱ እንዲወርዱ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የእማማ ንግሥት ተቃውሞ

እማማ ንግሥት፣ አባታቸው «ኢየሩሳሌም» እንዳሉ ሱዳን መንገድ ላይ መቅረታቸውን ገልጸው፣ «በስንት ጊዜው አንድ ወንበር ቢያገኝ ልታስወርዱት ነው? እሱ ከወረደ እኔም አልሄድ» ብለዋል።

ጋሼ ሰማኝ «እትዬ ንግሥት፣ ሙት እኮ አይቀመጥም» ቢሉ፣ «አንተስ ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ተቀምጠህ ምን ሠራህ?» ተብለዋል።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ (ሀ) እና (ለ) ተሽረዋል። ሁለት ነጥብ ባለበት ይቀጥላል፤ አባቶችም አይወርዱም። ወንበር ያጡት ሃያ ሰዎች በአባቶች ወንበር ይቀመጣሉ፤ ሾፌሩ ስም ሲጠራም በአባትየው ፋንታ «አቤት» ይላሉ።

ለሙከራ ያህል እማማ ንግሥት «ይፍሩ» ብለው ተጣርተዋል። ጋሼ ሰማኝ «አቤት፣ ልጄ» ብለዋል።

ስብሰባው 2፡10 ላይ ተበትኗል።